አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ አርብ ማታ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ለአንዲት ሴት የተናገርኩት ነገር አለ። ሴትየዋ ረስታዋለች፣ ወይም የረሳች መስላለች። እኔን ግን ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል። ሺፍት ስገባ ይመጣብኛል። ቅዳሴ ቆሜም ይመጣብኛል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? አሥር ወር ሊሞላው ነው። ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ስጀምረው ግን ነገሩ ከእኔና ከእሷ አልፎ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤተሰብ ዘንድ ወሰደኝ።

ሴትየዋ የልጄ የፉትቦል አሰልጣኝ ሚስት ናት። ፉትቦል ስል የነሱን ማለቴ ነው፣ ሄልሜት የሚደረግበትን። የምንኖረው አሜሪካ፣ አዮዋ በምትባል ግዛት ውስጥ፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ መሃል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሁለት ሺህ ሰው አይሞላትም። ከግዛቷ ዋና ከተማ ከዴሞይን ወደዚህ የመጣነው ቤት ስለሚረክስ ነው። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል፣ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው። እኔ እዚሁ ያለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ሺፍት። የሐበሻ ቤት የእኛ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል እንነዳለን።

አርብ ማታ ከተማዋ ባዶ ትሆናለች። ሁሉም ሜዳ ነው። ልጅ ያለውም፣ ልጁን ድሮ ያሳደገውም፣ ልጅ የሌለውም። የማጥባቸውና የማለብሳቸው አንዲት የዘጠና ዓመት እናት ቅዳሜ ጠዋት ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚጠይቁኝ "ትናንት አሸነፍን?" ብለው ነው። ትምህርት ቤቱ ትንሽ በመሆኑ አንዳንድ ዓመት አሥራ አንድ ልጅ አሰልፎ ተቀያሪ ማስቀመጥ ያቅተዋል። ከእኛም የሚያንሱት የአዮዋ ትምህርት ቤቶች ስምንት ለስምንት ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ጤነኛ እግር ያለው ወንድ ልጅ በሙሉ ይፈለጋል። የኔም ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ተፈለገ።

ሐሙስ ማታ

አሰልጣኙን ሁሉም ሰው "ኮች" ነው የሚለው፣ ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ሳትቀር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። ሚስቱ ደግሞ ሥራዋ ሌላ ቢሆንም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሁለተኛ ሥራዋ እነዚህ ልጆች ናቸው። ማሊያ ታጥባለች። የተቀደደ ትሰፋለች። መኪና የሌለውን ትመልሳለች። ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው። ትልቋ በየጨዋታው ማን ስንት ያርድ እንደሮጠ ትመዘግባለች፣ መሃለኛዋ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ትንሿ ውኃ ታመላልሳለች። የአባትየው ሥራ ሳይሆን የቤቱ ሥራ ነው የሚመስለው።

ሐሙስ ሐሙስ ቡድኑ በሙሉ እነሱ ጋራዥ ውስጥ ይበላል። መኪናዎቹን ያወጡና ረጃጅም ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። ቺሊና ሲናመን ሮል። ቺሊ ማለት ባቄላ የገባበት የተፈጨ ሥጋ ወጥ ነው በሉት። ያን የሚያቃጥል ወጥ ከጣፋጭ ዳቦ ጋር እንዴት አብሮ እንደሚበላ ለእኔ ባይገባኝም እዚህ አገር ሰው ከትምህርት ቤት ምሳ ጀምሮ ያደገበት ነው። በሩ ላይ ሠላሳ ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ይታያል።

ልጄ ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከልጄ ጋር የምበላበት ማታ እሱ ብቻ ነበር። ወጥ ሠርቼ፣ እንጀራ አቅርቤ እጠብቃለሁ። ገብቶ ግንባሬን ይስመኛል፣ ከዚያ "በልቻለሁ እማ" ይላል።

ሁለት ቃል ናት። ግን ከሰው አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ይህቺ ቃል የት ቦታ እንደምትወጋ ያውቃል።

እናቴ ስትተርት "ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ፣ አፍ አፉን በለው በለው አለኝ" ትል ነበር። የዚህች ሴት ነገር ግራ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። ያልወለደቻቸው ሠላሳ ልጆች ናቸው ማዕድ ቤቷን የሚወሩት። አንዱን እንኳ አፍ አፉን ማለት አላማራትም። እኔ ደግሞ ይህንን እንደ ደግነት ማየት አቃተኝ። ቀስ በቀስ እንደ ስርቆት ማየት ጀመርኩ። ልጄ ስለ ትምህርቱ የሚነግራት እሷን ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ያለማመደው ኮች ነው። አባቱ መንገድ ላይ፣ እኔ ሥራ ላይ። ማን ያለማምደው? ይህንን አውቃለሁ፣ ማወቄ ግን አላበረደኝም።

ከዚያ ፎቶው መጣ። የወላጆቹ ኮሚቴ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው። አርብ ከጨዋታ በፊት ልጆቹ አንድ ላይ ይበላሉ፣ ጠረጴዛው ላይ የአሳማ ሥጋና አይብ የገባበት ሳንድዊች በትሪ ተቆልሏል። ልጄ መሃል ላይ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ እየሳቀ። አርብ ቀን።

ይህ ልጅ በሰባት ዓመቱ ፍልሰታን የጾመ ነው። ማንም ሳያስገድደው። ዴሞይን እያለን ከሕፃናቱ ጋር ተሰልፎ ሲቆርብ የነበረ። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ስልኩን ዘጋሁት። ለእሱ ምንም አላልኩትም። ለምን አልጠየቅሁትም? አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው። "አዎ እማ፣ ትቼዋለሁ" ቢለኝ ምን እሆናለሁ? ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ነገር ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ። አንድ ወር ሙሉ።

ኮሪደሩ ላይ

ያን ማታ ስልኬ የሠራተኛ ሎከር ውስጥ ነበር። ሥራ ላይ መያዝ አይፈቀድም። ሳወጣው አሥራ ሁለት ጥሪ። ሦስተኛው ኳርተር ላይ ሰው ሊጥል ሲወረወር የሌላ ልጅ ጉልበት ጭንቅላቱን መትቶታል። ተነስቷል፣ ግን ውጤቱን ሲጠይቁት ያለፈውን ሳምንት ነገራቸው። ኮች ወዲያው አወጣው። አዮዋ ከ2011 ጀምሮ ሕግ አላት (ወሩንም ዓመቱንም የምቆጥረው በፈረንጅ ነው)፤ የጭንቅላት መናወጥ ምልክት ያሳየ ተማሪ ከሜዳ ይወጣል፣ የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ካልፈቀደለት አይመለስም። ከዚያ ራስ ምታቱ ባሰበት፣ አስመለሰው፣ አምቡላንስ ተጠራ። ኮች ቡድኑን ጥሎ መሄድ አይችልም። አብራው የተሳፈረችው ሚስቱ ናት።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ከእኛ አርባ ደቂቃ ነው። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ስደርስ የሥራ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። መጋረጃውን ስገልጥ ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጭቃ የነካ የመጫወቻ ጫማውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ያ ጫማ ነው ያሳበደኝ። አሁንም ሳስበው ጫማው ነው። የኔ እጅ መያዝ የነበረበት ነገር ነበር።

አይታኝ ብድግ አለች፣ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ሲቲ ስካን ተነስቷል፣ ደም አልፈሰሰም፣ አይዞሽ አለችኝ። ልጄን ስሜ፣ ስሙን ጠርቼ፣ "እማ" ሲለኝ ሰማሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ተከትላኝ መጣች። የሆነውን በዝርዝር ልትነግረኝ ጀመረች። አቋረጥኳት።

"ልጄን ወሰዳችሁት። ጾሙን አስተዋችሁት። አሁን ደግሞ ጭንቅላቱን ሰበራችሁት።"

በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት። በአማርኛ ብናደድ ኖሮ ቢያንስ አንድ "እባክሽ" ወይም አንድ "እግዜር ያሳይሽ" መሃል ይገባ ነበር፣ እንግሊዝኛዬ ግን አጭርና ስለታም ነው። እሷ አልመለሰችም። ዓይኗ ውኃ ሞላ። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ተወችው።

በዚህ መሃል ነርሷ ጠራችን። ወረቀት ይዛለች። ስሙ፣ ልደቱ፣ አለርጂ፣ የሚወስደው መድኃኒት። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ "ለመጨረሻ ጊዜ የበላው መቼ ነው? ምን በላ?" አለች።

አፌን ከፈትኩ። የምለው ነገር አልነበረኝም።

ከኋላዬ፣ በሩ ጋ ሆና፣ በቀስታ ድምፅ መለሰች። "ሦስት ሰዓት ላይ። ሁለት የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ ሳንድዊች፣ ሙዝ፣ ውኃ። ዛሬ አርብ ነው፣ ሥጋና ወተት ያለበት ነገር አይበላም። ጠዋትና ምሳም አይበላም፣ ለዚህ ነው ሁለት የምሠራለት።" ከዚያ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ጨመረች፤ "ዳቦውንም አያለሁ። አንዳንዱ ውስጡ ወተት አለበት።"

ነርሷ ጻፈች። ለእሷ አንድ መስመር ናት።

እኔ እዚያው ቆሜ ሰዓቱን ማሰብ ጀመርኩ። የነሱ ሦስት ሰዓት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጄ አርብ አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። አያቴ እንደምትጾመው። ጌታ ነፍሱን በሰጠበት ሰዓት ይፈታል። እኔ እንኳ ሥራው ስለሚከብደኝ ከሥጋና ከወተት መከልከል እንጂ ሰዓት መጠበቅ ከተውኩ ስንት ዓመቴ ነው። እና በዚያች ሰዓት፣ ስለ አርብ ጾም ሰምታ የማታውቅ የአዮዋ ሴት የዳቦ ላስቲክ ገልብጣ የተጻፈውን እያነበበች ነበር። እኔ በዚህ አገር አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር አንድም ቀን የዳቦ ላስቲክ ገልብጬ አላነበብኩም።

ቤት ገብቼ ያንን ፎቶ እንደገና ከፈትኩት። አጎላሁት። ከትሪው ፈንጠር ብሎ፣ ልጄ ፊት፣ ቡናማ የወረቀት ከረጢት አለ። ላዩ ላይ በማርከር 54 ተጽፏል። የማሊያው ቁጥር። እዚያው ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስብሰለሰል ከፊቴ ነበር።

በኋላ ልጄን ጠየቅሁት። ነገሩ የጀመረው በነሐሴ ነው። ልምምድ የሚጀመረው ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው፣ በዚያ ሙቀት። ኮች ለምን እንደማይበላ ጠየቀው፣ ነገረው። ኮች ሁለት ነገር አደረገ። ውኃ ሳይጠጣ ሜዳ እንደማይገባ አስማማው፣ ልጁ እሺ አለ። ሌላው፣ ለእኔ ወረቀት ላከልኝ። ስለ ጾሙ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ደውይልኝ የሚል። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ፈርሜ መልሼዋለሁ። ሳላነብ።

ሰኔ 24

ከዚያ አርብ በኋላ፣ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ድስት ተቀምጧል። የምስር ሾርባ። አጠገቡ ጥቁር መነጽር፣ ሐኪሙ ብርሃን ይቀንስ ስላለው። የቤት ሥራው ዝርዝርም አለ፣ አስተማሪዎቹ ያራዘሙለት ቀን አጠገቡ ተጽፎ። ማስታወሻ የለውም። ስለ ኮሪደሩ አንዲት ቃል የለም።

በደልኳት፣ እሷ ቀድማ መጣች። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ለእሑድ ድፎ ጋገርኩ። በኮባ ፋንታ በብራና ወረቀት። ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ አብሬሽ ልሂድ ቢለኝም እምቢ አልኩት፣ ያፌን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማዕድ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥን። ይቅርታ አልኳት። "ፈርተሽ ነበር" አለችኝ፣ ያንን ብቻ። ከዚያ ዳቦውን ቆረሰች፣ ቡና ቀዳች፣ ትንሽ ዝም አለችና ማንም ያልጠየቃትን ነገር ማውራት ጀመረች። በበጋ ኮች ገና ሲነጋጋ ልጆቹን ክብደት ለማሠራት ትምህርት ቤት ይሄዳል። በሩን ሲዘጋ ሁልጊዜ ትነቃለች። ከ2009 ጀምሮ። እዚህ አገር የአሰልጣኝ ሚስት የሆነች ሁሉ ያቺን ቀን ታውቃታለች አለችኝ።

እኔ አላውቃትም ነበር። ከእኛ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ፓርከርስበርግ የምትባል ከተማ አለች። እሷም ሁለት ሺህ ሰው ገደማ ነው ያላት። ኤድ ቶማስ የሚባል አሰልጣኝ ከ1975 ጀምሮ እዚያ አስተማረ፣ አሠለጠነ። 292 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ፣ በ1993 እና በ2001፣ የአዮዋ ሻምፒዮና ወስዷል። ከዚያች ትንሽ ከተማ ወጥተው በአንድ ዘመን ኤንኤፍኤል በሚባለው በአሜሪካ ትልቁ የፉትቦል ሊግ ውስጥ የተጫወቱ አራት ልጆች ከእጁ አልፈዋል። ለእኛ ሰው በቆጂ ብል ይገባዋል። አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ትንሽ ከተማ፣ ዓለም ያወቃቸው ልጆች።

በፈረንጅ ግንቦት 25 ቀን 2008 ፓርከርስበርግን ቶርኔዶ የሚባለው አውሎ ነፋስ መታት። ኢኤፍ 5፣ ከመለኪያው ከፍተኛው። ሰው ሞተ። ትምህርት ቤቱ ፈረሰ። የቶማስም ቤት ፈረሰ። ሰውየው ግን በመስከረም በዚሁ ሜዳ እንጫወታለን ብሎ ተነሳ። ሰዎች ተደርድረው ከሣሩ ላይ የተሰባበረ መስታወትና ስንጥር እንጨት በእጃቸው ለቀሙ። በዚያው መኸር ተጫወቱ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች አርብ ማታ የሚሄዱበት ቦታ አገኙ።

በዓመቱ፣ ሰኔ 24 ቀን 2009 ጠዋት፣ ቶማስ ልጆቹን ክብደት እያሠራ ሳለ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ገብቶ በጥይት ገደለው። ተማሪዎቹ እያዩ። 58 ዓመቱ ነበር።

ገዳዩ የራሱ ልጅ ነው። ማለቴ በዚያው ሜዳ የሮጠ፣ ያንኑ ማሊያ የለበሰ። ወንድሙም እዚያ ተጫውቷል። የሁለቱ ቤተሰብ አብረው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። ልጁ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ይሰቃይ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ ፈረደበት።

እሷ ይህንን ስትነግረኝ እጇ የቡና ኩባያው ላይ ነበር። እንደዚያ ጫማ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከዚያ የቀጠለችው ነገር ነው እኔን እስከዛሬ የያዘኝ። በዚያው ቀን፣ አስከሬኑ ገና ሳይቀበር፣ የሟቹ ልጅ አሮን ቶማስ ጋዜጠኞች ፊት ቆመ። ስለ አባቱ ተናገረ። ከዚያ ሕዝቡን ለገዳዩ ቤተሰብም ጸልዩ አለ። በዚያው ቀን።

ድንጋይ የሚሸከመው ማን ነው

ያደግሁት ጎጃም ነው፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ። ልጅ ሆኜ ከጎረቤታችን አንዱ ቤት በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ አድሯል። የቤቱ ልጅ ሰው ገድሎ ነው። እናት፣ አባት፣ እህት ወንድም ሁሉ ከብቱን እየነዱ በጨለማ ወጡ። ያልገደሉት ሁሉ። ደም መላሽ ገዳዩን ብቻ አይፈልግም፣ ወንድምም ይበቃዋል። ቤቱ ለዓመታት በሩ እንደተዘጋ ቆየ፣ ሣሩ ክዳኑ ላይ በቀለ። እኛ ልጆቹ በዚያ ስናልፍ እንሮጥ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ታረቁ። የእርቁ ቀን ትዝ ይለኛል። ቄሶች መስቀል ይዘው መሃል ቆሙ። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። የገዳይ ወገኖች ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። የሟች ወገኖች "ማረን" እስኪባሉ ጠበቁ፣ እምቢ አሉ፣ እንደገና ተለመኑ። ጊዜ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ትልቅ ሥርዓት ነው፣ ብዙ ደም ያስቀረ። አሁንም አከብረዋለሁ። ግን ሥርዓቱ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ድንጋዩን ተሸክሞ የሚመጣው በዳይ ነው። ተበዳይ ቤቱ ይጠብቃል።

ፓርከርስበርግ ውስጥ የሆነው ግልባጩ ነው። የገዳዩ እናትና አባት ድንጋዩን ሳያነሱ በፊት የሟቹ ልጅ ሄዶ አነሳላቸው። ያንን ባያደርግ ኖሮ እነዚያ ወላጆች ምን ይሆኑ ነበር? እኔ ያንን የተዘጋ በር ነው የማስበው። እነሱም ልጃቸውን አጥተዋል። ግን ለማልቀስ ፈቃድ የሚሰጣቸው የለም። ለእንደዚህ ዓይነት እናት ማን ለቅሶ ይደርሳል? ለቅሶ የደረሱት የቶማስ ቤተሰቦች ናቸው።

ከየት አመጡት? ሃይማኖት ነው ሊባል ይችላል፣ ቶማስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌና አስተማሪ ነበር። እውነት ነው። ግን እኔ የአሰልጣኝ ቤትን በቅርብ ካየሁ በኋላ ሌላም ነገር ይታየኛል። ያ ቤተሰብ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልጅ "የኛ ልጅ" ሲል ኖሯል። ትልቁ ልጅ፣ ትንሹ ልጅ፣ ጎበዙ፣ ሰነፉ፣ የታመመው። ያንን ቃል ሲሉት ኖረው በአንድ ጠዋት፣ ይህ አንዱ ግን የኛ አይደለም ማለት አልቻሉም። በጥይትም ቢሆን። ልጁ አሮን በኋላ ወደ ከተማዋ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት አባቱ የነበረበትን የስፖርት ኃላፊነት ቦታ ያዘ። በ2010 የቶማስ ቤተሰብ ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን በሚሰጠው ሽልማት ላይ የአርተር አሽ የጀግንነት ሽልማት ተሰጣቸው። ሽልማቱ ይገባቸዋል፣ ግን እኔ የማስበው ስለ መድረኩ አይደለም። እነዚያ ሁለት ቤተሰቦች በሚቀጥለው እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት እንደተያዩ ነው።

በጥር አንድ ቅዳሜ ወደ ዋተርሉ ከተማ ስሄድ መንገዴን አጥፌ ፓርከርስበርግ ገባሁ። ሜዳውን በረዶ ሸፍኖታል። ስሙ የኤድ ቶማስ ሜዳ ነው። ማንም አልነበረም። አጥሩን ይዤ ቆምኩ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ "በደላችንን ይቅር በለን" የሚለው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ተዘጋ። የኔ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፣ አውቃለሁ። የኔ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ያን ማክሰኞ በሬ ላይ የተቀመጠው ድስት ከየት እንደመጣ እዚያ ቆሜ ገባኝ መሰለኝ። ቁጥር 54 የነሱ ልጅ ነው። የሱ እናት ብትሳደብ የልጃቸው እናት ናት።

ቅናቴ ጠፍቷል ማለት አልችልም። ሐሙስ ማታ "በልቻለሁ" ሲለኝ አሁንም ትንሽ ትነካኛለች። ግን ድሮ ምጣዱን ከድኜ እተኛ ነበር፣ አሁን ምን በላህ፣ ማን አጠገብ ተቀመጥክ፣ ምን ተባለ እለዋለሁ። እያወራ ከወጡ ሁለት ጉርሻ ይጎርሳል። ሁለት ብቻ።

ነሐሴ

ጨዋታውን አልወደድኩትም። ይህንን ለኮችም ነግሬዋለሁ። ልጄ አምስት ሳምንት ራሱን እያመመው ትምህርት ቤት ሲመላለስ አይቻለሁ። ሐኪሙ በጽሑፍ እስኪፈቅድለት አንድ ቀን ማሊያ አልለበሰም፣ ሲፈቅድለትም ውድድሩ አልቆ ነበር። ኮች አንድ ጊዜ እንኳ "አሁን ተሽሎሃል?" ብሎ አላስቸኮለውም። ቤታችን መጥቶ ባለቤቴ ባለበት ቁጭ ብሎ፣ ዘንድሮ አይጫወትም ብትሉ ያው ሐሙስ ሐሙስ ቦታው አለ አለን። ባለቤቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እስከ መኪናው ድረስ ሸኘው፣ እዚያም ረጅም ሰዓት ቆሙ። ምን እንዳወሩ አልነገረኝም።

ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። መጫወት እፈልጋለሁ አለ። ወረቀቱ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁሉንም አነበብኩት። የጭንቅላት መናወጥ ምልክቶች፣ የሙቀት አደጋ፣ የኢንሹራንስ፣ የመጓጓዣ፣ አንድም መስመር ሳልዘል። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሦስተኛው ማታ ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። መጨረሻ ላይ "ስለ ልጅዎ ልናውቀው የሚገባ ነገር" የሚል ባዶ ቦታ አለ። ሞላሁት። ቦታው ስላልበቃኝ ከጀርባው ቀጠልኩ።

ትናንት ዕረፍት ላይ ሎከሬን ስከፍት ስልኬ ላይ መልእክት አገኘሁ። ከእሷ ነው። "ጾሙ የሚጀምረው በኦገስት 7 ነው አይደል? ለመጀመሪያው ሐሙስ ያ ሽሮ የሚባለውን መሞከር ፈልጌ ነበር። ለሠላሳ ልጅ ስንት ኪሎ ይበቃል? ቅቤ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?"

በማታ ሺፍት መሃል፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልኩላት።